«ማን አለ?» ባይዋ ሀጅራ

ሀጅራ ይመርን «ዛሬ ይዘንባል አሉ» ብላችሁ ብታጫውቷት «ማን አለ?» ትላችኋለች። ተናጋሪው የተከፈተ ጃንጥላ ቢይዝም ያው ነው። ሰማዩ ራሱ አጉረምርሞ ቢነግራት እንኳ ምንጩን ሳትጠይቅ እንደማታልፈው የሚምሉ ተማሪዎች ሞልተዋል። ስለዚህ በኮሌጁ ውስጥ «መምህርት ሀጅራ» ብሎ የሚጠራት የደመወዝ መክፈያው ቅጽ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ስሟ «ማን አለ» ሆኖ ቀርቷል። «ማን አለ መጣች»፣ «ማን አለ ፈተና አወጣች» ይባላል። አዲስ ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን በር አንኳኩቶ «ማን አለ?» ሲል፣ ውስጥ ያሉት «አለች፣ ግባ» ይሉታል።

እሷ የምትጠላው ሰውን አይደለም፤ «አሉ» የምትባለዋን ቃል ነው። አማርኛ ተናጋሪ አረፍተ ነገሩን በ«አሉ» ከዘጋ እጁን ታጥቧል። ከተማው ተቃጥሏል አሉ፣ ዘይት ገብቷል አሉ፣ እገሌ አግብቷል አሉ። ማን እንዳለ ሲጠየቅ «ሰዎች» ይላል። የትኞቹ ሰዎች? «ያሉት» ይላል።

ኮሌጁ ያለው መርካቶ፣ ከዱባይ ተራ ጀርባ፣ በአንድ የገበያ ሕንፃ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግራውንዱ ጫማ፣ አንደኛው ሻንጣ፣ ሁለተኛው መጋረጃ፣ ሦስተኛው ብርድ ልብስ። ወደ ዕውቀት የሚወጣ ተማሪ በዚህ ሁሉ ፈተና ማለፍ አለበት። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀርቶ ዛሬ መጋረጃ ይቸረችራል፤ ኑሮውም ከመምህራኑ ይሻላል። በሕንፃው ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ እስክሪብቶ መሬት ሳይደርስ በየፎቁ «ስንት ነው?» ይባላል።

ሀጅራ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ይመር ከወሎ መጥቶ አንዋር መስጊድ ሰፈር ገመድና ጆንያ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። ማንበብ የለመደችው ከጆንያ ላይ ነው። «አባዬ፣ ሃምሳ ኪሎ ይላል» ስትለው፣ «እሱ ጆንያው ያለው ነው፤ ሚዛኑስ ምን አለ?» ይላት ነበር። ሀጅራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ስትማር ጎረቤቱ ነገሩ አልገባውም። «መጽሐፍ መደርደር አራት ዓመት ይፈጃል? የኛ ልጅ ጫማ መደርደር በአንድ ቀን ነው የለመደው» ተባለ። ተመርቃ፣ እዚህም እዚያም ሠርታ፣ በመጨረሻ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገባች፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመቷ። ከመጽሐፉ ጥበቃ ሌላ ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ ኮርስ ታስተምራለች፦ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚመዘን፣ ከማን እንደተወሰደ እንዴት እንደሚጻፍ።

ተማሪዎቿ የገበያ ልጆች ናቸው። ባለፈው ሴሚስተር የመጀመሪያ ቀን «ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ሥራ ቢያንስ አሥር ምንጭ» ስትል፣ አብራር የሚባል የቦንዳ ልብስ ነጋዴ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ አምስት ይሁን።»

«አሥር።»

«ስድስት፤ ደንበኛ እንሆናለን።»

«አሥር።»

አብራር ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። የሄደው ቀስ ብሎ ነው፤ ከኋላ እንዲጠሩት። ማንም አልጠራውም። በሩ ጋ ደርሶ ጥቂት ቆመና ተመልሶ ተቀመጠ። «እሺ ዘጠኝ፤ መጨረሻዬ ነው።»

«አሥራ አንድ» አለች ሀጅራ።

መሃል ድርድር ላይ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ በመርካቶ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የተከራከራት የለም።

በሁለተኛው ሳምንት «ኦሪጂናል ጫማ ከኮፒው በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ አስተማሪ ሆነ። ስፌቱን ያነሳ አለ፣ ሽታውን ያነሳ አለ፣ አንዷ ልጅ በካርቶኑ ድምፅ ብቻ እንደምትለይ ተናገረች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲጨርሱ ሀጅራ የአብራርን ወረቀት አወጣች። የስልኩ ሮቦት ያዘጋጀለትን የመጻሕፍት ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ ነበር።

«ይኼን ሦስተኛውን መጽሐፍ ፈለግኩት። ደራሲው የለም። ማተሚያ ቤቱ የለም። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግን አለ።»

«ኮፒ ነው ማለት ነው ቲቸር?»

«ኮፒማ ኦሪጂናል አለው። ይኼ ካርቶን ብቻ ነው።»

ከክፍሉ ሁሉ ነገሩ ቶሎ የገባት ዋፋ ነበረች፤ የሐጂ አብዱልሰላም ልጅ። አባቷ አንዋር መስጊድ አጠገብ የቅመም ሱቅ አላቸው። የመመረቂያ ጽሑፏ «በርበሬ ገዢ ሻጩን በምን ያምናል?» የሚል ነው። አባቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስድሳ ገዢ ጠይቃ፣ የእያንዳንዱን ቃል ከነቀኑ ጽፋለች። ለመመረቅ የቀራት አንድ ሴሚስተር ነበር።

የመጨረሻው ሴሚስተር ሲከፈት ዋፋ ሳትመዘገብ ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ አባቴ በቃሽ ብለውኛል። ኮሌጁ ተዘግቷል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ቲቸር፣ በአላህ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ!»

«አሁን የቆምሽው የት ነው?»

«ኮሌጅ።»

«ክፍት ነው ዝግ?»

«ክፍት ነው። አባቴ ግን ‹በጓሮ በር ገብተሽ ይሆናል› ይሉኛል።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ምዝገባው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ዋፋ ካልተመዘገበች ሱቅ ትገባለች። የዋፋ ታላቅ እህት ምስራም «ለአንድ ሴሚስተር ብቻ» ተብላ ከትምህርት ወጥታ ሱቅ ገብታ ነበር፤ ያ ሴሚስተር አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

«እኔ ልደውልላቸው» አለች ሀጅራ።

«ቲቸር ይደውሉልዎት ብያቸው ነበር። ‹ኮሌጁማ ክፍት ነኝ ነው የሚለው። ዕቃዬ የነቀዘ ነው የሚል ሻጭ አይተሽ ታውቂያለሽ?› አሉኝ።»

ሐጂው ልክ ናቸው። ጥቅም ያለው ሰው ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ሀጅራ ለተማሪዎቿ ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

«ለአባትሽ የነገራቸው ማን ነው?»

«ሚኪ ደላላው።»

ረቡዕ ከሰዓት ሀጅራ ማስታወሻ ደብተሯን፣ ዋፋ ቦርሳዋን ይዘው ወደ ታች ወረዱ።

ሚኪ በሕንፃው መግቢያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሦስት ስልክ ሦስት ቤት የሚያከራይ ሰው ነው። አንዳንድ ቀን ሦስቱም ስልኮች የሚያከራዩት አንድ ቤት ይሆናል።

«ሚኪ፣ ኮሌጁ ተዘጋ ብለህ አውርተሃል?»

«እኔ ወሬ አላወራም እትዬ ሀጅራ። መረጃ ነው የማወራው።» ስልኩን አዙሮ የቴሌግራም ገጹን አሳያት። «አስቸኳይ! አራተኛና አምስተኛ ፎቅ፣ ለመጋዘን የሚመች፣ የቀድሞ ኮሌጅ» ይላል። «ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል።»

«የቀድሞ? ተማሪው በአጠገብህ ሲወጣ ሲወርድ አታይም እንዴ?»

«አያለሁ። ግን ሁሉም ቦርሳ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ዕቃ እያወጡ መስሎኝ።»

«ማን አለህ?»

«እትዬ ሠርኬ። እሷ ከተሳሳተች መርካቶ ራሱ ተሳስቷል።»

እትዬ ሠርኬ ደረጃው ሥር ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ። የሚኪን ስም ሲሰሙ ማንኪያቸውን አነሱ።

«እኔ ተዘግቷል አላልኩም! ‹ሊዘጋ ነው› ነው ያልኩት። ይኼ ቀላማጅ ነው ተዘግቷል ያደረገው። ደግሞ የኮሌጁን ባለቤት መኮብለል ማን ጨመረበት?»

«ባለቤቱ ኮብልሏል ተባለ?» አለች ዋፋ።

«ጠዋት ኮበለለ ነበር፤ አሁን ዱባይ ገብቷል ይላሉ።»

ሀጅራ እየጻፈች ነው። «እርስዎንስ ማን አለዎት እትዬ ሠርኬ?»

«ማንም አላለኝ። በዓይኔ አነበብኩ። ‹ወሬ አትመኑ፣ የተጻፈ ፈልጉ› እያልሽ ስትጮሂ ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይመጣል። እኔም የተጻፈ አገኘሁ፣ አመንኩ።»

«የት?»

«ምን አለሽ።»

«ማን?»

«ማንም እኮ አላለኝም! ምን አለሽ ተራ ነው እምልሽ! የምድጃዬን እግር ላስበይድ ሄጄ፣ የበያጁ የጥላሁን ግድግዳ ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተደግፎ አየሁ። የኮሌጁ ስም በቀይ ቀለም፣ ይኼን ያክላል። ከሥሩ ‹ዝግ ነው› ይላል። ሰሌዳ ካሠሩ ሊዘጉ ነዋ!»

ከዚያ እስከ ምን አለሽ ተራ ድረስ ሀጅራ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተራመደች። ሸክም የያዘው «ወግድ! ወግድ!» ሲል እንኳ መንገድ የለቀቀችው ዋፋ ጎትታት ነው። ዋፋ «ቲቸር፣ አመመዎት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት።

ምን አለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ሌላ ሕይወት የሚጀምርበት ሰፈር ነው። የዘይት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ራሱ ወደ ማንጠልጠያ እንዳይቀየር ያሰጋል። ጋሽ ጥላሁን መዶሻቸውን እንደያዙ ሀጅራን ከሩቅ አይተው ብድግ አሉ።

«መጣሽ! ሳምንት ሙሉ ዓይኔ መንገድ ላይ ቀረ እኮ!»

ዋፋ ወደ ጋሽ ጥላሁን አየች፤ ከዚያ ወደ መምህሯ። ሀጅራ የምታየው ሰሌዳውን ነበር።

ከስምንት ቀን በፊት ያዘዘችው እሷ ናት። ለቤተ መጻሕፍቱ በር የሚሆን፣ በአንድ ፊቱ «ክፍት ነው»፣ በሌላው «ዝግ ነው» የሚል። ከላይ የኮሌጁ ስም፣ መሃል ላይ «ቤተ መጻሕፍት» እንዲባል። አሁን ሰሌዳው ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ከላይ የኮሌጁ ስም አለ። ከታች «ዝግ ነው» አለ። መሃሉ ባዶ ነው።

«መሃሉ ለምን ባዶ ሆነ ጋሽ ጥላሁን?» አለች ሀጅራ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ‹ቤተ መጻሕፍት ይበሉበት› ብለሽኝ እብስ አልሽ። በየትኛው ጸ? ጎረቤቴን ብጠይቅ ‹በፀሐዩ ፀ› አለኝ። ወዲያ ማዶ ያለው ‹በጸሎቱ ጸ ነው› አለ። ወደ ሕ ስንመጣማ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ሃሌታው፣ አንዱ ሐመሩ እያለ ብየዳ ቆመ። ስልክሽን አልሰጠሽኝ፣ በወረቀት ጽፈሽ አልተውሽልኝ። ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ወረቀት ተሰርዞ አይጻፍበትም። ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ዝግ የሚለውን ለምን ወደ ውጭ አዞሩት?» አለች ዋፋ።

«ክፍት የሚለው ደርቋላ!»

ሀጅራ ደብተሯን ከፈተች። ከሚኪና ከእትዬ ሠርኬ ስም በታች አንድ መስመር ጻፈች፦ «ሀጅራ ይመር። በቃል ብቻ። በጽሑፍ አልሰጠችም።» ከዚያ ንጹሕ ገጽ ቀድዳ «ቤተ መጻሕፍት» ብላ በትልቁ ጽፋ ለጋሽ ጥላሁን ሰጠቻቸው። እሳቸው ወረቀቱን ለማዶው ሰውዬ ከፍ አድርገው አሳዩት። «በጸሎቱ ነው! በሐመሩ! ምን ብዬህ ነበር?» ምን እንዳሉት ማንም አላስታወሰም፤ እሳቸው ግን የረቱ መሰሉ።

ሲመለሱ ዋፋ ብዙ አሰበችና ዘዴዋን አቀረበች።

«ቲቸር፣ አባቴ ጋሽ ጥላሁንን አያውቋቸውም። ሰሌዳ ሠሪው ተሳሳተ እንበላቸው፤ አለቀ።»

«ከዚህ ሁሉ ሰው ያልተሳሳቱት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«እርስዎ ነዎት ካልኳቸው ግን አያምኑዎትም። እኔም ሱቅ ገባሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሀጅራ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከጋሽ ጥላሁን የተረከበችውን ሰሌዳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሐጂ አብዱልሰላም ሱቅ ደረሰች። ሐጂው በእርድና በኮረሪማ ጆንያ መሃል ተቀምጠዋል። ዋፋ ከጀርባቸው ቆማ የኮሌጅ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች፤ ሽርጥም ታጥቃለች። ለሁለቱም ዕድል ተዘጋጅታለች ማለት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የይመር ልጅ፣ ጠፋሽ እኮ! ኮሌጃችሁ ታሸገ አሉ፤ አዘንኩ።»

ሀጅራ ሰሌዳውን ፈታች። ከሚኪ ጀምራ ወደ እትዬ ሠርኬ፣ ከእትዬ ሠርኬ ወደ ጋሽ ጥላሁን፣ ከጋሽ ጥላሁን ወደ ራሷ እየቆጠረች ነገረቻቸው። አንድም ነገር አልዘለለችም። ሐጂው ሰሌዳውን በሁለት ጣታቸው መቱት፤ ሐብሐብ የሚገዙ ይመስል።

«እንግዲህ ወሬው የወጣው ካንቺ ነው።»

«አዎ።»

«ውሸት ነው የምትዪኝም አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ታዲያ የትኛዋን ሀጅራ ልመን?»

«ማንኛዋንም አይመኑ። ወጥተው ይዩ።»

«አራት ፎቅ? በዚህ ጉልበቴ?»

«አዎ ሐጂ። ምዝገባው የሚያበቃው አሥራ አንድ ላይ ነው።»

በሠላሳ ዓመት ንግዳቸው ማንም ‹እኔን አትመን› ብሎ ዕቃ አሳይቷቸው አያውቅም። ሐጂው ተነሱ፣ ጫማቸውን ፈለጉ። «ዋፋ፣ ነይ ደግፊኝ። ሀጅራ፣ ምስራ ዕቃ ልታደርስ ወጥታለች፤ እስክትመጣ ሱቁን ጠብቂልኝ። ዋጋው ጆንያው ላይ ተጽፏል።»

ሀጅራ ሱቅ ጠበቀች። ምስራ እስክትመለስ ድረስ ሱቁ እንደዚያ ተጠብቆ አያውቅም፤ አንድ ፍሬ ኮረሪማ እንኳ አልወጣም።

«በርበሬው የማረቆ ነው?» አለች የመጀመሪያዋ ገዢ።

«ነው አሉ» አለች ሀጅራ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

«ማን አለ?» አለች ገዢዋ።

«ባለቤቱ። አሁን የሉም፤ ሌላ ነገር ሊያጣሩ ሄደዋል።»

ሴትዮዋ ሄደች። ሁለተኛው ገዢ እርዱ አዲስ መሆኑን ጠየቀ፤ «ሲፈጭ አላየሁም» ተባለ። ሦስተኛው ስለ ምንም ሳይጠይቅ ሩብ ኪሎ ከሙን ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ ሀጅራ ግን ሚዛኑ ባዶውን ትንሽ ዝቅ ማለቱን አሳየችውና እሱም ሄደ። ምስራ ስትመለስ አራተኛው ገዢ ከሀጅራ ጋር ስለ ቅርንፉድ የትውልድ አገር እየተከራከረ ነበር። ምስራ ጆንያዎቹን አየች፣ ሀጅራን አየች። «እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለችና ሚዛኑን ተረከበቻት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሐጂው ብቻቸውን መጡ። ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል።

«ዘበኛውን ጠየቅኩ። መጋረጃ ሻጩን ጠየቅኩ። ብርድ ልብስ ሻጯ ልትሸጥልኝ ነበር፤ እሷንም ጠየቅኳት። ዱባይ ገባ የተባለው ባለቤት እትዬ ሠርኬ ጋ ሳምቡሳ ሲበላ አገኘሁት። ሬጅስትራሩን ማኅተሙን አምጣ ብዬ አየሁት፤ እርጥብ ነው። ክፍልሽንም በመስኮት ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ አስተማሪ ግን የላቸውም።»

«እኔ ነኝ የሌለሁት። ዋፋስ?»

«ሰልፍ ላይ ትቻት መጣሁ።» ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹ። «አንቺስ? ምን ሸጥሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ስለ ዕቃው እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂው፣ «ይመር የጆንያ ንግዱን ላንቺ ሳይሰጥ ሞተ።» ምስራ ሳቋን ለመደበቅ ጆንያ ውስጥ ጎንበስ አለች።

ሀጅራ ሰሌዳውን በብብቷ ይዛ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ክፍል ስትደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። የስም ዝርዝሩን ከፍታ ጠራች። ሠላሳ አንዱ ተጠርተው ሲያልቁ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ አሁንም ሽርጧን ያልፈታች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኔ ስም አልተጠራም።»

«ዝርዝሩ ላይ የለሽም።»

«አሁን ተመዝግቤ መጣሁ! እርስዎ ራስዎ ያውቁ የለ?»

«ተመዘገብኩ ያልሽው አንቺ ነሽ። ቅጹን አሳዪኝ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ አብራር ጠረጴዛውን ደበደበ። ዋፋ ግን ቅጹን ይዛ ወጣች። ሀጅራ ቀኑን አየች፣ ፊርማውን አየች፣ ማኅተሙን በጣቷ ነካችው፤ ትንሽ ቀለም ጣቷ ላይ ቀረ። ከዚያ በዝርዝሩ ግርጌ በእስክሪብቶ ጻፈች፦ ሠላሳ ሁለት፣ ዋፋ አብዱልሰላም።